ፎርማት አድርገው

«ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ታሟል» አለችኝ እናቴ በስልክ።

«ምን ሆነ?»

«ይጮሃል። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጨለማ ነው።»

ቴሌቪዥኑ የምትለው ሞኒተሩን ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ አጎቴ በ2003 ከአሜሪካ ያመጣው ነው። ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ዊንዶውስ 7። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2020 ተሰናብቶታል፤ እናቴ ግን አልተሰናበተችውም።

እንዲያውም ቤታችን የገባ ዕለት ነበር ሊሞት የነበረው። ከኋላው፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። ለአሜሪካ መብራት 115 ላይ ሆና ነው የመጣችው። የእኛ 220 ነው። አጎቴ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ ሰካው። ጧ! ቤቱ በተቃጠለ ነገር ታፈነ። «እንኳን በሰው አልሆነ» ተባለ፣ ቡና ተፈላ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዴስክቶፕ ከአሜሪካ መጣለት ያሉኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚያች ቀይ ነገር ነው። ለእኛ 220 የሚሆነው 230 የሚለው ነው፤ እሱ ላይ ካልሆነች እንዳትሰኩት።

ቅዳሜ ስደርስ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ሕመምተኛው ጥግ ላይ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። አንዷ «ቫይረስ ነው» አለች። ሌላው «መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የጎዳው» አለ፤ ይህኛው እንኳ ትንሽ እውነት አለበት። በመጨረሻ ኢንተርኔት ካፌ ሠርቶ የሚያውቀው የጎረቤታችን ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና «ፎርማት አድርገው» አለኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍተህ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው ማለቱ ነው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ኮምፒዩተሩ ዘገየ? ፎርማት። ድምፅ አጣ? ፎርማት። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈሰሰ? ፎርማት። ክሊኒክ ስትሄድ ምንህንም ይመምህ «ታይፎይድና ታይፈስ» እንደሚሉህ ማለት ነው። «የእህቴ የሰርግ ፎቶስ?» ካልክ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይሉሃል፤ ዲ የሚሉት ከዊንዶውሱ ተለይቶ የተከፈለውን የዲስኩን ክፍል ነው። የሰርግ ፎቶ ደግሞ ዲ ላይ ኖሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ዴስክቶፑ ላይ ነው የሚበተነው።

ጭራሽ ያልበራ ኮምፒዩተር እንዴት ፎርማት እንደሚደረግ የጠየቀ ግን የለም።

ገመዱን ነቀልኩ። ዳንቴሉን አነሳሁ፤ የአየር ማስወጫውን ከነጭራሹ አፍኖት ኖሯል። ጎኑን በካቻቪቴ ከፈትኩት። ጉድ! አቧራው የፍራሽ ጥጥ ሆኗል። ሳጥኑ 15 ዓመት ሙሉ ከረከቦቱ ጎን ነው የኖረው። ፋኑ ዕጣኑን ሲስብ ኖሮ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል። ሁለት ፍሬ ፈንዲሻም ወጣ።

አባቴ «ጎሚስታ ጋ ውሰደው» አለ። አንድ ጊዜ ወስጄው አውቃለሁ። ጎሚስታው ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ስንት ልሙላው?» አለኝ። ከዚያ ኮምፕረሰሩን ለቀቀው፤ አቧራው ለሰፈሩ ተዳረሰ፣ ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ዞረ። የፋን ጤና የሚበላሸው እንዲህ ነው። የምትነፉ ከሆነ ፋኑን በጣት ያዙት። ኮምፕረሰር ውስጥ ደግሞ ውኃ አይጠፋም። እኔ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠረግሁት።

ቀጥሎ ጩኸቱ። እየደጋገመ ጢጥ ጢጥ የሚል አሮጌ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ «ራሜን አጣሁት» እያለ ነው። ራሙ አለ፣ ግን የሚሰካባቸው ወርቃማ ጥርሶቹ ቆሽሸዋል።

«ላጲስ አላችሁ?» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠህ ላጲስ?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ከቦርሳው አንዲት ነጭ ላጲስ አውጥቶ፣ ሳይወድ በግዱ፣ «ትመልስልኛለህ» ብሎ ሰጠኝ። ጥርሶቹን ፈገግ እስኪሉ ፈተግሁ፣ ፍርፋሪውን ጠረግሁ፣ ራሙን መለስኩ። የመሰኪያው ሁለት ጆሮዎች ቀጭ እስኪሉ ተጫንኩት። ሰካሁ።

ጢጥ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሞኒተሩ በራ። እናቴ እልል አለች።

የጎረቤታችን ልጅ ግን ተጠጋና ቀኑን አየ። «ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። በቃ፣ ፎርማት...»

አባቴ አቋረጠው። «በኛ አቆጣጠር ሆኖ ነው እንጂ! አሁን 2018 ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው የሳተው። ለፈረንጅ ዕቃ ደህና ነው።»

እህቴ እንደ መብረቅ ተነሳች። ለካ «ሰርተፊኬት» ምናምን እያለ ድረ ገጽ አልከፍት ያላት በዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ 2009 ላይ ቆሞ፣ የድረ ገጾቹ የምስክር ወረቀት ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል። እሷ ኔትወርኩ ነው ብላ አንድ ወር ሙሉ ጥቅል ስትገዛ ነበር።

መድኃኒቱ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስታውስ እሷ ናት፤ ስትሞት አብሮ ይረሳል። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት። ስሟ ራሱ ልኳ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 3.2 ውፍረት። ሰዓት ሠሪ ጋ ሮጬ ገዛሁ፣ የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁ፣ ቀኑን አስተካከልኩ። አለቀ።

ጠያቂዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ተነሱ። የጎረቤታችን ልጅ በር ላይ ዞር ብሎ፣ «ለማንኛውም፣ ለጥንቃቄ አንዴ ፎርማት ብታደርገው አይከፋም» አለኝ።

እናቴ ዳንቴሉን መልሳ ልትጥል ስትል ከኋላ በኩል እንዳትሸፍነው ለመንኳት። እሺ አለች። ከዚያ ላጲሷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ በሶፍት ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከደም ግፊት ክኒኗ ጎን ቆለፈችባት።

«እማዬ፣ የልጁ እኮ ናት!»

«ሌላ ይገዛለታል። ይቺ የኮምፒዩተሩ ናት።»