ስድስት ቀን ጠብቄ!

ስድስት ቀን! በዘይት ቀለም የቀባሁት ትንሽዬ የወታደር ቅርጽ እንዲደርቅ ስድስት ቀን ሙሉ ጠብቄ ዛሬ ጠዋት ሳነሳው፣ የአውራ ጣቴ አሻራ የወታደሩ ካባ ላይ ቁጭ አለ። የወታደሩ ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ነው። ለካባው እጥፋት ብቻ ሁለት ማታ ዓይኔ እስኪፈዝ ሠርቻለሁ።

«ዘይት ቀለም ለጀማሪ ይቀላል፣ ቶሎ ስለማይደርቅ እንደልብ ይዋሃዳል» ይላሉ አስተማሪዎቹ ሁሉ። መቼ እንደሚደርቅስ ለምን አይነግሩንም? ዘይቱ እንደ ውሃ አይተንም። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ ቶሎ ይደርቃል፣ ነጩ ግን ቀናት ይፈጃል። ይሄን ማን ነገረኝ? ቀለሙን መጀመሪያ ካርቶን ላይ አድርጎ ትርፍ ዘይቱን ማስመጠጥ እንደሚቻልስ?

«ትንሽ አኳራጅ ጨምሩበት» ይላሉ ደግሞ፣ ቀለም ማቅጠኛውን ማለታቸው ነው። ትንሽ ስንት ነው? ጠብታ? ማንኪያ? እኔ ስጨምር ቀለሙ ከካባው ወርዶ ጫማው ሥር ተጠራቀመ። ጀማሪ ነን እኮ! ከመጀመሪያው ንገሩን እንጂ!