የዶልፊኖች ቫይረስና የልጆቻችን ኩፍኝ

«በባሕር ዳርቻ ወድቀው የሚሞቱትን ዶልፊኖች የያዛቸው ኩፍኝ ነው፤ ኩፍኝ ከዓሣ ስለሚመጣ የጣናን ዓሣ መተው እንጂ መከተብ አይጠቅምም» የሚል አስተያየት እዚህ ጎንደር ሲዘዋወር አይቼ በአክብሮት ላርመው ወደድሁ። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ በሳንባ የሚተነፍሱ፣ ግልገላቸውን የሚያጠቡ እንስሳት እንጂ ዓሣ አይደሉም (ዓሣ ነባሪ የሚለው ስያሜም ሳያሳስት አልቀረም)። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ከ1,600 በላይ ዶልፊኖች ወድቀው የተገኙበት እልቂት መንስኤ የሆነው ሞርቢሊቫይረስ፣ ከኩፍኝም ሆነ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ከታወጀው የከብት ደስታ በሽታ ጋር ቢዛመድም፣ ራሱን የቻለ ቫይረስ ነው፤ ሰውን እንደያዘም አልታወቀም። ኩፍኝ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በትንፋሽ ነው። ማረጋገጥ የሚሻ የእንስሳት ሐኪምን ወይም የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቅ። በዚህ ወሬ ሳቢያ የ9 እና የ15 ወር ክትባቱ የቀረበት ሕፃን ግን ለእውነተኛው ኩፍኝ ይጋለጣል።