እግር መቁረጡ ሕመሙን እንጂ ሥርጭቱን አያስቆምም
አንድ ጸሐፊ የአጥንት ካንሰር የያዘው ውሻ እግሩ ከተቆረጠ «ይድናል» ማለታቸው መታረም ያለበት ይመስለኛል። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው ይህ የአጥንት ካንሰር በሚታወቅበት ጊዜ ከ90 በመቶ በሚበልጡት ውሾች ላይ በራጅ የማይታይ ሥርጭት፣ በተለይም ወደ ሳንባ፣ አስቀድሞ እንደተጀመረ ስለሚታሰብ፣ በቀዶ ሕክምና ብቻ የታከሙት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ወር ሲቆዩ፣ እንደ ካርቦፕላቲን ያለ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) ሲታከልበት ዕድሜያቸው ወደ 10 ወይም 12 ወር ይራዘማል። ይህ ግን ቀዶ ሕክምናውን ከንቱ አያደርገውም፤ እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም ከእግሩ ጋር ይወገዳል፣ ውሻውም ብዙ ጊዜ በማግስቱ በሦስት እግሩ ይቆማል (ለመልመድ የሚቸገረው ባለቤቱ ነው)። እግሩን ሳይቆርጡ ዕጢውን ብቻ ማውጣት በተለይ ከፊት እግር አንጓ ከፍ ብሎ ለሚገኝ ዕጢ ይሞከራል፤ ኢንፌክሽን ይበዛበታል፣ የሚገርመው ግን ኢንፌክሽን ከያዛቸው ውሾች ብዙዎቹ ካልያዛቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መኖራቸው ነው።