እርማት፦ ፓፍ «ነርቭ ይነካል» ስለተባለው

ወንድሜ፣ «የአስም ፓፍ ነርቭ ስለሚነካ እጅ ማንቀጥቀጥ ሲጀምር መተው ነው» ብለው የጻፉት ስሕተት ነው። በፓፉ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ቤታ 2 የተባሉትን ተቀባዮች (መድኃኒቱ የሚያርፍባቸውን የሕዋስ ክፍሎች) በማነቃቃት ሲሆን፣ እነዚሁ ተቀባዮች በእጅ ጡንቻና በልብም ስለሚገኙ፣ ከተሳበ በኋላ መርበትበት፣ የጣት መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም የመድኃኒቱ ኃይል ሲቀንስ አብሮ ያልፋል። እዚሁ ድሬዳዋ፣ እናቴ ፓፉን ስባ ቡና ስትቀዳ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ሲንኳኩ ደንግጣ አቆመችው፤ በሳምንቱ ግን ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ድንገተኛ ክፍል ገባን። መርበትበቱ የሚያስቸግር፣ ወይም አስም ያለበት ሰው ፓፉን በየቀኑ የሚፈልግ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑም አሳሳቡም የሚታየው እዚያ ነው።