ለቀባሪው የሚያረዱ አድናቂዎች ውዳሴ

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ አንድ የሮክ ድራመር ስለ መጀመሪያዎቹ የጉዞ ዓመታቸው ሲያወጉ ለመስማት፣ ለንደን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት 35 ፓውንድ ከፍዬ ገባሁ። ገንዘቤ በከንቱ አልጠፋም፤ ስለ አዛውንቱ ሕይወት ብዙም ባልሰማ፣ ስለ አድናቂዎቻቸው ሕይወት ግን ለአንድ ወፍራም መጽሐፍ የሚበቃ ቁም ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ የባንዳቸውንም ስም አልጠራም። ብጠራው በስሙ አጻጻፍ ላይ ብቻ እስከ ፋሲካ የሚዘልቅ ክርክር እንደሚነሣ፣ ትክክለኛውን አጻጻፍም ባንዱን ከመሠረቱት ሰዎች ይልቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እንደሚያውቁት ከዚያች ምሽት ተምሬአለሁና።

አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ሲሉ ምንኛ ተሳስተው ኖሯል! ከባለቤቱ ያወቀ ሰው ዛሬ «እውነተኛ አድናቂ» ይባላል፤ የፊት ወንበርም ይሰጠዋል። «ለቀባሪው አረዱት» የሚለውም አነጋገር ነቀፋ መሆኑ ቀርቶ የማዕረግ ስም ሊሆን ይገባዋል። ቀባሪው እኮ ሐዘንተኛ ነበር፤ እንባ ያቀረረ ዐይን ሬሳው ከቤት የወጣበትን ሰዓት በትክክል አያይም። ስለዚህ ቆይቶ፣ ጋዜጣ አገላብጦ፣ ሰዓቱን አጣርቶ የሚያረዳው ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ልጆች ሳለን አያታችን ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን አፋችንን ከፍተን ማዳመጣችን፣ እጅ አውጥተን «በረቱ ውስጥ ስንት ላም ነበረ? ቀለማቸውስ?» ብለን አለመጠየቃችን፣ ምን ያህል ያልሠለጠንን አድማጮች እንደነበርን የገባኝ ገና አሁን ነው።

አዛውንቱ ወጋቸውን የጀመሩት ከመንገዱ ነው። ኤም ዋን የተባለው አውራ ጎዳና የመጀመሪያው ረጅም ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1959 ነበር። ለሆቴል የሚከፍለው የሌለው ወጣት ባንድ ማታ በሰሜን ከተሞች ተጫውቶ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ንጋት ላይ ለንደን የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ፎርድ ትራንዚት የተባለው መኪና በ1965 ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ቫኖች ጠባብና አቃሳች ስለነበሩ፣ ተጫዋቾቹ ድራሙንና የድምፅ ማጉያውን ተንተርሰው ይተኙ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዋትፎርድ ጋፕ በተባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ያገሪቱ ባንዶች ሁሉ እንቁላልና የድንች ጥብስ ሲበሉ ይገናኛሉ። ብሉ ቦር ይባል የነበረውን የዚያን ምግብ ቤት ስም ሙዚቀኛው ሁሉ ሲያነሣ የሰማው አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ ታዋቂ የምሽት ክበብ መስሎት ነበር ይባላል። ይህን ያህሉን አዛውንቱ ሳይቋረጡ አወጉን። ሰባት ደቂቃ ያህል ይሆናል።

ከዚያ በኋላ «በ1966 መገባደጃ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የቫናችን ማሞቂያ ተበላሽቶ...» ብለው ጀመሩ።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ረቡዕ ነበር።»

አዛውንቱ ጨዋ ሰው ናቸው። «ሊሆን ይችላል» አሉ። በዚያች «ሊሆን ይችላል» በተሰነጠቀችው በር ታሪክ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። ባለ እጁ ቫኑ ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ እንደነበር አስረዳ። አዛውንቱ ግራጫውን ተቀብለው፣ በዚያች ሌሊት ከብርዱ ያተረፋቸው ቀን ከአንዲት ትንሽ ከተማ የገዙት የሥጋ ፓይ መሆኑን ለመናገር ሲሞክሩ፣ ከአምስተኛው ረድፍ ሌላ ሊቅ ተነሣ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ከተሞች ሱቆች በሳምንት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ይዘጉ እንደነበር፣ በዚያች ከተማ ደግሞ የሚዘጉት ረቡዕ እንደነበር አስታወሰ። ስለዚህ ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ፓይ የለም፤ ፓይ ካለ ረቡዕ የለም። አዳራሹ በጉባኤ ላይ እንደተቀመጡ ሊቃውንት ለሁለት ተከፈለ። የሦስተኛው ረድፍ ሊቅ ጥቂት አሰበና፣ የሳይንስ ሰው እንደሚገባው፣ ረቡዕን ለማዳን ፓዩን ሠዋ። «ፓይ አልበሉም» አላቸው በርኅራኄ።

«በልቻለሁ እንጂ፤ ይህን ጥርሴን የሰበረኝ እሱ ነው» ብለው አዛውንቱ አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። እውነትም ጎደሎ ጥርስ አለ። ከእኔ ኋላ የተቀመጠው ግን ሳቅ ብሎ፣ ጥርሱ የተሰበረው በሚቀጥለው ዓመት መሆኑን፣ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱም የፊት ጥርሶች በሙሉ ጤንነት እንደሚታዩና ፎቶግራፉ እሱ ቤት በመስታወት ገብቶ እንደተሰቀለ ገለጠ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ፎቶግራፉ በስሕተት ተገልብጦ የታተመ ስለሆነ የሚታየው የግራ ጥርስ ነው ሲል ተቃወመ። በዚህ መካከል ስለ መኪናው ሰሌዳ ቁጥር ንዑስ ክርክር ተነሣ። ንዑሱ ክርክር ደግሞ ቫኑ የባንዱ ነው ወይስ የአስተዳዳሪው አጎት የሚል ሌላ ክርክር ወለደ። የአጎትየው ሙያ ተነሣ፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው ተባለ፤ ዳቦ ጋጋሪ ከሆነ ፓዩን እሱ ሰጥቷቸው ይሆናል የሚል የዕርቅ ሐሳብ ቀረበ፤ በጭብጨባ ተደገፈ፤ ኋላ ግን አጎትየው በዚያ ዓመት በሕይወት አልነበረም ተብሎ ውድቅ ሆነ። አዛውንቱ ይህን ሁሉ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ስለማያውቁት ሰው የሚወራ ያህል በትሕትና ያዳምጡ ነበር።

በመጨረሻ የሦስተኛው ረድፍ ሊቅ የማያዳግመውን ሰነዘረ። በዚያች ሌሊት አዛውንቱ ቫኑ ውስጥ ጨርሶ አልነበሩም፤ ታመው ነበር፤ በእሳቸው ቦታ የመታው ሌላ ድራመር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ይደርሳል። በጁን 1964 የዝነኛው የእንግሊዝ ባንድ የቢትልስ ድራመር ሪንጎ ስታር ቶንሲሉ አሞት ሆስፒታል ሲገባ፣ ጂሚ ኒኮል የተባለ ድራመር ተተክቶ ከቢትልስ ጋር ከዴንማርክ እስከ አውስትራሊያ ተጫውቷል። ሪንጎ ግን መታመሙን ከአድናቂ አልሰማም። የእኛ ሰው መረጃውን ያገኙት ስድሳ ዓመት ያህል ዘግይተው፣ ብርሃን በበዛበት መድረክ ላይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ነው።

«ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቤትዎ። ተኝተው።»

«ራትስ በልቻለሁ?»

«ሾርባ» አለ ሰውየው ሳያመነታ።

ቫኑ እንዴት እንደተነሣ፣ በዚያ ብርድ ማን ምን እንዳለ፣ አዛውንቱ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ያችን ሌሊት ለምን ከሌሎቹ ሌሊቶች ለይተው እንዳነሷት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት ቀኑ በእርግጥ ረቡዕ ነበር፤ ሽማግሌ ቀን ይሳሳታል። ብርዱን ግን ማን ይሳሳታል? በ1963 ክረምት የቢትልስ ቫን የፊት መስታወት ተሰብሮ፣ ሹፌሩ ስብርባሪውን በእጁ ገፍቶ አውጥቶ ሲነዳ፣ አራቱ ልጆች እንዳይበርዳቸው እንደ እንጀራ ተደራርበው ተኝተው፣ ከላይ ያለው ሲደርቅ እየወረደ ከታች ሲተካ የገቡበትን ያን ጉዞ ዛሬ የምናውቀው፣ ተራኪዎቹ ሲያወሩ የሣምንቱን ቀን የሚያርም ሰው አጠገባቸው ስላልተቀመጠ ነው። ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስለዚያ ሌሊት የምናውቀው የመስታወቱን ውፍረት ብቻ ይሆን ነበር።

አድናቂዎችን የአሁኑ ዘመን አበላሻቸው የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ድሮም እንዲሁ የተባረኩ ነበሩ። በኦገስት 1962 ቢትልስ የቀድሞ ድራመሩን ፔት ቤስትን አሰናብቶ ሪንጎን ሲያመጣ፣ የሊቨርፑል አድናቂዎች «ፔት ለዘላለም፣ ሪንጎ በፍጹም» እያሉ ጮኹ፤ የባንዱ ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰንም ተመትቶ ዐይኑ በለዘ። የባንዱን ድራመር ከባንዱ ይልቅ ያወቁለት ያን ጊዜ ነው። በኦገስት 1965 ደግሞ በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ፣ አራቱ ሰዎች የሚጫወቱትን አንዲት ኖታ እንኳ እንዳይሰማ በጩኸት ጠበቀው። ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት መሣሪያ በመድረክ ላይ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ድራመሩ ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ከፊቱ የቆሙት ጓደኞቹ አካል ሲንቀሳቀስ አይቶ ነበር። በወጣትነቱ ምቱን በጩኸት የዋጡበት ሕዝብ፣ በእርጅናው ወጉን በእርማት ሲውጥበት፣ ይህን ያህል ጽናት በየትኛው ጋብቻ ይገኛል?

«እኔም እዚያ ነበርኩ» የሚሉትም አይረሱ። የሊቨርፑሉ ካቨርን ክበብ ጠባብና ላብ የሚንጠባጠብበት ምድር ቤት ነበር፤ ቢትልስ ወደ 300 ጊዜ ያህል ተጫውተውበታል። በየአዳራሹ «ያን ምሽት ከመድረኩ ሥር ቆሜ ነበር» ያሉኝን ሰዎች ሁሉ ብንደምር ግን፣ ምድር ቤቱ ሼይ ስታዲየምን ከነመኪና ማቆሚያው መዋጥ ነበረበት። በሐሙሱም ምሽት አንድ ሰው ጥያቄ አለኝ ብሎ ተነሥቶ፣ በ1967 ከእናቱ ተደብቆ የወጣበትን መስኮት፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ መጋረጃውን የሰፋችውን አክስቱን ተርኮልን፣ በመጨረሻ «ያስታውሱኛል?» አለ። አዛውንቱ «እንዴት እረሳዎታለሁ» አሉ። ጭብጨባ ሆነ።

ኋላ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሜይ 1969 ተናገሩ። ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለው ባንድ በርሚንግሃም ተጫውቶ በዚያው በኤም ዋን ሌሊቱን ወደ ለንደን ሲመለስ ቫኑ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ፤ ድራመሩ ማርቲን ላምብልና አብራቸው የነበረች አንዲት ወጣት ሞቱ። ላምብል 19 ዓመቱ ነበር፤ የመታበት የመጨረሻው አልበም ገና አልወጣም ነበር። «ያን ሳምንት እኛም በዚያው መንገድ አልፈናል፤ እኛም ሹፌራችን እንዳይተኛ እየዘፈንንለት ነበር» ብለው ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ መካከል አንድ ሰው እጁን አወጣና፣ ሟቹ በዚያ አልበም ላይ የመታው ስኔር የተባለው ድራም ስንት ኢንች ጥልቀት እንደነበረው ጠየቀ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ልጅ ሞቷል እኮ። ሌላው ልጅ ተርፎ፣ አርጅቶ፣ መድረክ ላይ ተቀምጦ የእድሜ እኩያውን እያለቀሰ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሳጥኑን ዋጋ የሚጠይቅን ሰው በእኛ ሰፈር በክንዱ ይዘው ያስወጡታል፤ እዚህ ማይክሮፎን አቀበሉት። ብዙ ወጣቶች እንቅልፍ አጥተው፣ ብር ሳይኖራቸው፣ ሕይወታቸውን በአንድ አሮጌ ቫን ላይ አስይዘው የሠሩትን ሙዚቃ እወዳለሁ የሚል ሰው፣ ለዚያ ሙዚቃ የተከፈለውን ሲነግሩት የዕቃውን ልክ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ፍቅሩ ምኑ ላይ ነው? አዛውንቱ «አላውቅም» አሉ። በዚያ ምሽት ማንም ያላረማቸው መልስ ይህ ብቻ ነው።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ሙዚቃ በ1971 እንደሞተ፣ እሱም ቀብሩ ላይ የነበረ ያህል እያዘነ አረዳን። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ዘፋኙ በእውነቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ጠየቁ፤ ድራመር ማለት ዘፋኙን ከኋላ ሆኖ እንዲያይ የተቀመጠ የዐይን ምስክር ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ በረከት ለእንግሊዞች ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ወጥቶ መሄድ የማይችል ታዳሚ ይዘው እስኪነጋ ይጫወቱ የነበሩ የእኛ የባንድ ሰዎች በዋሽንግተን ጠረጴዛ ዙሪያ ያን ሌሊት ማውጋት ሲጀምሩ፣ ያኔ ገና ያልተወለደ ሰው «እላፊው የሚጀምረው ከስንት ሰዓት ነበር?» ብሎ ሲፈትናቸው ብታዩ፣ ወገኖቻችንም እንዳልቀሩ ታውቁና ትጽናናላችሁ።

ሲያበቃ ለፊርማ ተሰለፍን። የሦስተኛው ረድፍ ሊቅ ከፊቴ ነበር፤ ሸክላውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ታቦት ይዞታል። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙለት። ፊርማውን ወደ መብራቱ አዙሮ መረመረና፣ ድሮ ሲፈርሙ የመጨረሻዋ ፊደል ጭራዋ ወደ ላይ እንደነበር ነገራቸው። ከዚያም ቀኑን ጭምር እንዲጽፉለት ለመናቸው።

«ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» አሉት።

«ሐሙስ» አለ፤ በሙሉ እርግጠኝነት።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያም ብዕሩን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ በትልልቁ፣ ከሸክላው ሽፋን ዳር እስከ ዳር፣ «ማክሰኞ» ብለው ጻፉለት።