ላይብረሪው ተቆልፏል፣ ልጆቹ ቴሌግራም ላይ እያነበቡ ነው

"የዛሬ ልጅ አያነብም" ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ባህር ዳር ውስጥ የትኛውም የወላጅ ስብሰባ ላይ ቁጭ በሉ፣ ይህች ወሬ ሳትነሳ ስብሰባው አይበተንም። ከዚያ መፍትሔው ይዘንባል። ግማሹ "ስልካቸውን ቀሟቸው" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ታብሌት ይገዛ፣ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ዘመናዊ ይሁን" ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዕቃ ነው። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ያነበበውን ማን ይሰማዋል ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ልጆቹ ያነባሉ። ከፔዳ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ግቡና ጎናችሁ የተቀመጡትን ተማሪዎች ስልክ ሰረቅ አድርጋችሁ እዩ። ቲክቶክ አለ፣ አልክድም። ግን ደግሞ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ፒዲኤፍ ከፍታ፣ በጣቷ እያሰፋችና እየገፋች ረጅም የአማርኛ ልብወለድ የምታነብ የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች። ጓደኛዋ ናት በቴሌግራም የላከችላት። አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ ኢርፎን ሰክቶ ትረካ ይሰማል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ አልዳረስ ብሎ ልጆቻችን የመማሪያ መጽሐፋቸውን ራሱን በስልክ ሲያነቡ እንደነበር ረሳነው እንዴ? ስልኩን ስንቀማ መጽሐፉንም አብረን እየቀማን ነው እኮ።

አሁን ወደ ላይብረሪው እንግባ። ስሙን የማልጠራው አንድ የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ብጠራውም ጥቅም የለውም፣ ሌሎች ያየኋቸውም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ውስጡ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። ግድግዳው ላይ "ዝምታ ወርቅ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መጻሕፍቱ ከባንኮኒው በስተጀርባ ናቸው። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ የሚፈልገውን መጽሐፍ ርዕስ ይናገራል፣ ይመጣለታል፣ እዚያው አንብቦ ይመልሳል። ምን መጽሐፍ እንዳለ የማያውቅ ልጅ ርዕሱን ከየት ያምጣው? መደርደሪያው መሀል እየተንጎራደደ፣ አንዱን ስቦ፣ ሽፋኑን አገላብጦ፣ ሁለት ገጽ አንብቦ፣ "ይሄ ይደብራል" ብሎ መልሶ ሌላ የሚያነሳበት ዕድል የለውም። አንባቢ የሚፈጠረው ግን እንደዚያ ነው። አጋዥ መጻሕፍቱና የፈተና ጥያቄ ስብስቦቹ ጀርባቸው ተልጦ በፕላስተር ተጠግነዋል። ልብወለዱ፣ ግጥሙና የታሪክ መጽሐፉ ደግሞ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ዛሬም አዲስ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ትምህርት ሲያልቅ ላይብረሪውም አብሮ ይዘጋል፣ ማለትም ልጁ ነፃ ሲሆን በሩ ይቆለፋል።

በላይብረሪ ሠራተኛዋ አልፈርድም። መጻሕፍቱን ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ቅጽ ላይ ፈርማ ነው የተረከበችው። በንብረት መዝገቡ ላይ መጽሐፍና ወንበር እኩል ናቸው። ቆጠራ ሲመጣ አንድ ጥራዝ ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። አንድ ልጅ ንባብ ስለለመደ ግን "ጎበዝ" የሚላት የለም። እናንተ ብትሆኑ ቁም ሳጥኑን ትከፍቱት ነበር?

ፈተናውም አለ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ ተባለ። ወላጅ ቢደነግጥ እውነቱን ነው። ድንጋጤው ግን ላይብረሪውን ጥያቄ የሚሠራበት ክፍል ብቻ አድርጎት ቀረ። ልብወለድ ይዞ የተገኘ ተማሪ "ፈተና ደርሶ ምን ትቀልዳለህ?" ይባላል። እኔ የማስበው በግልባጩ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ሳይሰለች አንብቦ ዋናውን ሐሳብ መያዝ ያልለመደ ልጅ የእንግሊዝኛውም የባዮሎጂውም ጥያቄ ይከብደዋል፤ ጥያቄውን ሳይረዳው መልሱን ሊያጠቁር ነው። ያንን የንባብ ጉልበት የሚሰጠው ወዶ ያነበበው ነገር ነው።

ደግሞ የት ሆነን ነው ስለ መጽሐፍ የምንቸገረው? ክብራን ገብርኤል ከከተማችን በጀልባ ቅርብ ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለ፣ ራቅ ሲል ጣና ቂርቆስና ዳጋ እስጢፋኖስ አሉ። ለዘመናት ብራና የተፋቀባቸው፣ ቀለም የተበጠበጠባቸው፣ መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ተከትቶ የተሰቀለባቸው ቦታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ምሁር የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስቶ፣ ካታሎጉ ጀርመን አገር ታትሟል። ዛሬ ደግሞ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮጀክት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት መግለጫ፣ የጣናዎቹንም ጨምሮ፣ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርጎታል። ሃምቡርግ ያለ ተማሪ የሚያየውን ነገር ሐይቁ ዳር ያደገው ልጅ መኖሩንም አልሰማም። ይህን ለማሳየት አንድ ፕሮጀክተርና አንድ የታሪክ መምህር በቂ ነው።

እኔ ከዚያ ወግ ይበልጥ መውሰድ የምፈልገው ግን አነባበቡን ነው። የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ በልቡ አያነብም፣ ድምፁን ያወጣል። በስንጥር እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ ግእዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ በሚባሉት የአነባበብ ደረጃዎች እያለፈ ይሄዳል። ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል። ብዙ ጊዜም ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ ማለትም እየመራ ያስነብባል፣ በዚያው የራሱንም ያጸናል። ቁርአን ቤት ብትሄዱም ሉሁን ይዞ ጮክ ብሎ የሚቀራ ልጅ ነው የምታገኙት። በሁለቱም ቤት ንባብ ሰሚ አለው። እኛ ግን ልጁን ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገብተን "ዝም ብለህ አንብብ፣ ዝም ብለህ መልስ፣ ዝም ብለህ ውጣ" አልነው።

ቅኔ ቤቱን ደግሞ እዩት፣ ጎጃም ላይ ሆነን እሱን ብንዘለው ነውር ነው። ተማሪው ቀን ብቻውን ዘወር ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ይሰማሉ፣ ቃሉ ከተጣመመ ያቃናሉ፣ ካማረም ያመሰግናሉ። መጀመሪያ የሚቆጠረው ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ሁለት መስመር በሉት። ልጁ ለሁለት መስመር ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል፣ ሰሙን ከወርቁ ጋር እስኪያጋጥም። እና "ልጆች አጭር ነገር ብቻ ሆነ የሚወዱት" ብላችሁ የምታዝኑ ሰዎች፣ ማጠሩ ብቻውን አያሳዝነኝም። የሚያሳዝነኝ ስልኩ ላይ ያለው አጭር ነገር አልፎ ሲሄድ "ምን ማለቱ ነው? ለምን እንዲህ አለ?" ብሎ የሚያስቆመው ሰው አለመኖሩ ነው። በአጭር ግጥም፣ በአጭር ልብወለድ፣ በአንድ ተረት እንጀምር። ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ከዚያ ይከራከሩበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል፣ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ድምፅ ይፈቀድበት። አንድ ልጅ የወደደውን ገጽ ያንብብ። ሌላዋ በሳምንቱ ያነበበችውን ታሪክ በራሷ አፍ ትንገር። ከስልኳ ቢሆንም ከወረቀት ቢሆንም ግድ የለም፣ ስልክ በዚያ ሰዓት በር ላይ አይቀማ። አሥራ አንደኛ ክፍሉ ዘጠነኛ ክፍሉን ያስቀጽል። ይህ ነገር ከቻትጂፒቲ ጋር ለመጣው ጣጣም መድኃኒት አለው ብዬ አምናለሁ። አሁን አንድ ልጅ መጽሐፉን ሳይከፍት ማጠቃለያውን አስጽፎ ማስረከብ ይችላል። ጓደኞቹ መሀል ቆሞ "ታዲያ ልጅቷ ለምን ተመልሳ ሄደች?" ተብሎ ሲጠየቅ ግን ያነበበና ያላነበበ ወዲያው ይለያል።

ቴክኖሎጂ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ በጣም ያስፈልጋል። ግን ከፕላዝማው እንማር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። በእንግሊዝኛ ይፈሳል፣ አልገባኝም ብትለው አይቆምም። የክፍሉ መምህር ደግሞ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ዕቃ በስንቱ ክፍል ውስጥ ዛሬ የብረት ሳጥኑ ብቻ እንደቀረ የምናውቀው ነው። ዕቃው መጣ፣ ሰሚው ጠፋ። ታብሌት በካርቶን አምጥተን ስቶር ብንቆልፍበት ወይም ልጁን ከስክሪን ጋር ብቻውን ብንተወው ያንኑ መድገም ነው።

ለባህር ዳር የሚሆነው ኢንተርኔት የማይጠይቅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዴት እንደቆየን የሚረሳ የለም። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ዲጂታል ላይብረሪ ያኔ ባዶ ክፍል ነበር የሚሆነው። መብራቱም ያው ነው፣ ይሄዳል ይመጣል። ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ ደግሞ አለ። ራስበሪ ፓይ የምትባል መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር አለች። በፓወር ባንክ መሥራት ትችላለች። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሙሉ ዊኪፒዲያን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኖ፣ ያለ ምንም ኢንተርኔት በዋይፋይ ለክፍሉ ስልኮች ማዳረስ ይቻላል። አንድ የአይሲቲ መምህርና ነገሩ የገባቸው ሁለት ተማሪዎች ያቆሟታል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ፒዲኤፍ እዚያው ይቀመጥ፣ ልጁ ለዳታ ካርድ ሳይከፍል ይውሰድ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ልብወለድ ሁሉ እዚያ እንጫነው የሚል ካለ ግን አልስማማም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል፣ ከአዋጁ በፊትም ቢሆን የሰው ልፋት ነው። ትምህርት ቤት ልጅን የደራሲ ሥራ ያለ ፈቃድ መውሰድ ሊያስተምረው አይገባም። የኛ አካባቢ ደራሲዎች ሩቅ አይደሉም። ስልክ ደውሎ "አንድ ሥራዎን ለተማሪዎቻችን ይፍቀዱልን፣ አንድ ዓርብም መጥተው ያንብቡልን" ብሎ መጠየቅ ነው። እምቢ የሚል ደራሲ ብዙ የሚኖር አይመስለኝም።

በጣም የምጓጓለት ነገር ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው የሚያስገቡት ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ክፍተቱን ማን ይሙላው? ሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ አባቶች አሉ። ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፣ እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዓሣ አጥማጁ አምባዛው በየትኛው ወር ወደ ዳር እንደሚወጣ፣ እምቦጭ ከመጣ ወዲህ መረቡን የት መጣል እንደተወ ይነግራችኋል። አንዲት ተማሪ ፈቃዳቸውን ጠይቃ በስልኳ ብትቀዳቸው፣ ቤቷ ገብታ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ብትገለብጥ፣ ዓርብ ላይ ብታነበው፣ ከዚያ ላይብረሪው ውስጥ ቢቀመጥ፣ ይህች ልጅ ጸሐፊ ሆነች ማለት ነው። ያነጋገረቻቸው አባትም መጥተው የተጻፈውን ይስሙት፣ "እንዲህ አላልኩም" የሚሉት ካለ ያርሙ።

አንዳንድ ወላጅ "የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ልታስገባ ነው?" እንደሚለኝ እገምታለሁ። አይደለም። የሚነበበውን ልጆቹ ይምረጡ። ከየኔታም ከቁርአን ቤቱም የምዋሰው ጮክ ብሎ ማንበብን፣ ታላቅ ታናሹን ማስያዝን፣ ተቀምጦ መስማትን ነው። ይህ የማንንም ሃይማኖት አይነካም።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ፣ በሚቀጥለው ስብሰባው ሁለት ነገር ቢወስን ይበቃኛል። አንደኛው የዓርቡ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለሠራተኛዋ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይያዝላት፣ በነፃ አድርጊው አይባልም። ሁለተኛው የንብረት ጉዳይ ነው። በዓመት ከመቶ መጽሐፍ አምስቱ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ በአገልግሎት እንዳለቀ ተቆጥሮ ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ ሠራተኛዋም እንዳትጠየቅበት፣ ርዕሰ መምህሩና ንብረት ክፍሉ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይስጧት። ታብሌቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደብዳቤው ሳይጻፍ የሚመጣ ታብሌት እሱም በሞዴል 22 ተፈርሞ ከልብወለዶቹ ጎን ይቆለፍበታል።