ሬክለስ በቨርጂኒያ፣ ቸልተኝነት ባገር ቤት

ሰሜን ቨርጂኒያ ሐበሻ ከሚያዘወትረው ካፌ ጎራ ያለ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ አይወጣም፤ «ሬክለስ»። «ትናንት ሬክለስ ሰጠኝ»፣ «ልጁ ሬክለስ አለበት»፣ «ዳኛው ወደ ኢምፕሮፐር (ቀለል ወዳለው ክስ) አወረደልኝ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግድ የለሽን ሰው የሚገልጽ ተራ ቅጽል ነው፤ በቨርጂኒያ ግን በግድ የለሽነት የመንዳት ወንጀል ስም ነው፤ ታክሲና ኡበር የሚነዳው ወገናችን ግን እንደ ክፉ በሽታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ማስበለጥ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል ማለፍ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ሊያስከትል ይችላል፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቀመጣል። 85ቱም ቢሆን እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 80 ነበር። ወደ ሪችመንድ በሚወስደው አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ፣ 70 በተፈቀደበት ቦታ፣ 86 የነዳ ሰው ከጎኑ ካሉት መኪኖች እኩል የሄደ እየመሰለው ፍርድ ቤት ይቆማል። ቆሞ ተማሪ የሚያወርድ አውቶቡስን ማለፍ ሬክለስ ነው። ፍሬኑ የማይሠራ መኪና መንዳትም እንደዚያው። ይባስ ብሎ በወቅቱ ፍሬቻ አለማሳየትም እዚያው ውስጥ ተጽፏል! (በፍሬቻ ይታሰር ቢባል የአዲስ አበባ ስታዲየም ራሱ ማረሚያ ቤት ሆኖ አይበቃም።)

ልብ በሉ፤ ማንም አልተገጨም፣ መስተዋት እንኳ አልተሰበረም። የሚጠየቀው አነዳዱ ነው።

ባገር ቤት ሕጉ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም ልዩነቱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያስራል፤ ደንቡን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ግን ሰው እስከሚገድልባት ቀን ድረስ ሾፌሩን ምን እንለዋለን? ጎበዝ! አባይ በረሃን እያጠፈ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ያደረሰን ሰው ይመሰገናል፤ ቀስ ያለው «ምነው ተኛህ» ይባላል። ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ ኢሱዙውን «አልቃይዳ» ብለን ሰየምንና እየሳቅን መንገድ ለቀቅንላቸው። ቸልተኛ የሚለው ስም የሚወጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በትራፊክ ፖሊሱ ዜና ላይ ነው። በዚህ ቨርጂኒያን እደግፋለሁ፤ ጭካኔ የሚመስለው ሕግ ደም ሳይፈስ ቀድሞ ይመጣል።

የማልደግፈው ጠበቃውን ነው። ገንዘብ ያለው ጠበቃ ይይዛል፤ ጠበቃው የፍጥነት መለኪያህን አስመርምር ይለዋል፤ መለኪያው ስቶ ከተገኘ ክሱ ወደ ኢምፕሮፐር፣ ማለትም እስከ 500 ዶላር ወደሚደርስ መቀጮ፣ ሊወርድለት ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረው ግን ብቻውን ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ይወጣል።

ሰው ሲጎዳማ ነገሩ ጭራሽ ይለያል። እኛ ዘንድ የሾፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ እግር ላይ ይወድቃሉ፣ ካሳ ይነጋገራሉ፣ ክሱ ባይቀርም ቂሙ ይበርዳል። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሰው ገጭቶ «ሆስፒታል ሄጄ ቤተሰቡን ልጠይቅ» ያለ ሐበሻ ግን ጠበቃው «ደጃቸውን እንዳትረግጥ፣ ይቅርታ የምትል ቃልም ካፍህ እንዳትወጣ» እንደሚለው ይወቅ።